የሐሙስ ልክ

እንግዳ ሰው ወደዚያ ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስቀው ሲባጎው ነው። ዓለም የጎማ አቅጣጫን በኮምፒዩተር በሚለካበት ዘመን ይህ ሰውዬ መሬት ላይ ተንበርክኮ ሁለት ነጭ ሲባጎ ይወጥራል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ከደረት ኪሱ የብረት ማስመሪያ አውጥቶ ጎማውን ይለካል። የሚስቅ ይሳቅ። ስቆ ሲያበቃ ሞተሩን ጫካ ውስጥ የነዳ ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመጣም ጓደኛውን አስከትሎ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ማን አስታውሶት። ሞተረኛው ሁሉ ሲባጎ ይለዋል፣ እሱም አቤት ይላል።

ሥራውን ልንገራችሁ። የእሽቅድምድም ባለ አራት ጎማ ሞተር ማለት ከላይ ሞተር ሳይክል፣ ከታች መኪና የሚመስል፣ ሰው እንደ ፈረስ ተፈናጦ የሚነዳው ነገር ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ከሆነ የሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፋቸው፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ይደረጋል፤ በፍጥነት ሲሄድ እንዳይቅበጠበጥ ነው። በጠባብ የጫካ መንገድ ላይ ግን ይህ ልማድ አይሠራም። ዛፍና ዛፍ መሃል በሁለት ጣት ትርፍ የሚሾልክ ሞተር የጎማዎቹ አፍንጫ ጥቂት ወደ ውጭ ማየት አለበት፤ ያን ጊዜ መሪው ገና ሲነካ ይታዘዛል። ጥቂት ማለት ስንት ነው ብላችሁ ሲባጎን ብትጠይቁት፣ «ሦስት ሚሊ» ይላችኋል። ሁለት ሲሆን ሞተሩ ይለግማል፣ አራት ሲሆን ይቀብጣል። ለአንድ ሚሊሜትር ይህን ያህል ክርክር ምንድነው ያለው ሰው ካለ፣ ሲባጎ አይመልስለትም፤ ዝም ብሎ ዛፉን እንዲጠይቅ ይተወዋል።

አንድ ሕግ ነበረው። ባዶ ሞተር አይለካም። ነጂው ከነሙሉ ልብሱ፣ ከነሄልሜቱ፣ ከነቦት ጫማው መቀመጫው ላይ ሳይወጣ ሲባጎው አይወጠርም። ሰው ሲቀመጥ የሞተሩ ፊት ዝቅ ይላል፤ ፊቱ ዝቅ ሲል የጎማዎቹ አፍንጫም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ክብደት ሲጨምር አፍንጫው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ክብደት ሲቀንስ ወደ ውጭ ይከፈታል። «ባዶ ወንበር የለካ ሰው አየር ነው የለካው» ይል ነበር። ይህን ሕግ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ታናሽ እህቱን ደግሞ ሰው ሁሉ መርፌ ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ሃያ አንድ ዓመቱ፣ እሷ ስምንት ነበረች። ዘመድ ተሰብስቦ ልጅቷን ለአክስት እንስጣት፣ ለአጎት እንስጣት ሲባባል፣ ሲባጎ ምንም ሳይናገር ልብሷን በፌስታል አድርጎ፣ እሷን ጀርባው ላይ አዝሎ ወጣ። ከጋራዡ በስተጀርባ ካለችው ክፍል አስገባት። አባትም እናትም ወንድምም ሆኖ አሳደጋት። ሚስት ያላገባው ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «ጊዜ አጣሁ» ይላል። እሷ ስታድግ ልብስ ሰፊ ሆነች፤ የስፌት መኪናዋን ጋራዡን በሚያሳየው መስኮት ሥር አስቀመጠች። ቀሚስ እየሰፋች የሱን ብረት ትሰማለች፣ እሱም ዳዶ እያጠበቀ የሷን መኪና ይሰማል። ሁለቱም እንዲህ ሆነው ሃያ ሦስት ዓመት ኖሩ።

መንዳት የጀመረችው የደንበኞችን ሞተር ከግቢ ወደ ጋራዥ በማስገባት ነው። በሩ ጠባብ ነበር፤ የሚነዱትን ወንዶች ሁሉ አንድ ጎናቸውን ጭሯቸዋል። እሷን አንድም ቀን አልነካትም። ከዚያ ጫካው፣ ከዚያ ውድድሩ መጣ። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው በልብስ ሰፊነቷ የወጣላትን ቅጽል ሲሰማ ደስ ብሎት ከአፉ አልለየውም፤ መርፌ ገባች፣ መርፌ ወጣች እያለ ሕዝቡን ያስጮኸዋል። ስትሸነፍ ራሷ ላይ ትቀልዳለች። «መርፌ ከለገመች ቅቤም አትወጋ፣ ጋሼ» ትለዋለች። እሱም ማስመሪያውን እያነሳ፣ «ቅቤውን ተይው፣ ዛፉን አትውጊብኝ እንጂ» ይላል።

ሐሙስ የልክ ቀን ነው። በየውድድሩ ፊት ያለው ሐሙስ ከምሳ በኋላ የጋራዡ በር ገርበብ ይላል። መርፌ ከነሙሉ ልብሷ ትወጣና ትቀመጣለች፤ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ከፊት ለፊቷ የተሰቀለውን አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ታያለች። «አትተንፍሺ» ይላታል። «ለስንት ሰዓት?» ትለዋለች። ጎረቤቱ በያጅ፣ ዘጠና አምስት ኪሎ የሚመዝን ቀልደኛ ሰውዬ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔ ብቀመጥበት ሞተሩ እርግዝና ይመስለዋል» እያለ ያስቃታል፤ ሲባጎ ይቆጣል፣ እንደገና ይለካል። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ በአናጢ እርሳስ ይጽፋል፦ ያገኘውን ሚሊ፣ የመሪውን ዘንግ ስንት ሩብ ዙር እንዳዞረ። በውድድሩ ወቅት የመጀመሪያ ሐሙስ ብቻ በበያጁ የብረት ሚዛን ከነሙሉ ልብሷ ይመዝናታል። ያደገ ሰው በየሳምንቱ አይለዋወጥም ብሎ ያምን ነበር። ያን ዓመት ከቁጥሮቹ ዓምድ አናት ላይ «ስልሳ ሦስት ኪሎ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሦስት ሚሊ። ቀጥሎ በመጣው ሐሙስም ሦስት።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ነገር የሞተር ጉዳይ አልነበረም። የእህቱ ሕይወት ነበረች እዚያ ቁጥር ውስጥ። ሲባጎ ቁጥሩን በእጁ ጻፈው፣ በዓይኑ አየው፣ አላነበበውም። እኔ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ እሱን ለመውቀስ አይደለም፤ ራሱን የወቀሰው ይበቃዋል።

ሦስተኛው ሐሙስ ላይ አራት ሚሊ አገኘ። ማስመሪያውን ጠርጎ እንደገና ለካ፤ አራት። የጎማ አየሩን ፈተሸ፣ ቡሎኖቹን ነካካ፣ ዘንጎቹን ወዘወዘ። ምንም የላላ ነገር የለም። አንድ ሩብ ዙር አዞረና ሦስት አደረገው። አራተኛው ሐሙስም እንደገና አራት ሆነ። አሁን የሞተሩን የፊት ከፍታ ለካ፤ ግማሽ ሴንቲ ያህል ወደ ላይ ወጥቷል።

የሞተሩን ፊት ተሸክሞ የሚያነጥረው ሞላ ሲያረጅ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ይህን ጋራዥ ውስጥ ሁለት ወር የቆየ ሰው ያውቀዋል፣ ሲባጎማ ሠላሳ ዓመት ኖሮበታል። ግን ሰው አንድ ነገር ማየት ሳይፈልግ ሲቀር ምክንያት አያጣም። ዘንድሮ የገዛቸው አዲሶቹ አሞርዛተሮች፣ ንጥረቱን የሚያበርዱት፣ ናቸው አለ። ጋዝ አብዝተውባቸዋል አለ። እንደገና አንድ ሩብ አዞረ፣ ግድግዳው ላይ ጻፈ፣ ሻጩን ሰደበ።

«ልጅቷ ፊቷ ገረጣብኝ» አለው በያጁ፣ እሷ ልብሷን ለመቀየር ስትገባ ጠብቆ። «አትበላም እንዴ?»

«ውድድር ሲደርስ መቼ በልታ ታውቃለች?»

«ድሮ ባትበላም ታወራ ነበር።»

«ሥራ በዝቶባታል። የሰው ሙሽራ ልብስ ይዛለች።»

በያጁ ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሲባጎ ክሪኩን አስገብቶ ከሞተሩ ሥር ተኛ። ከጎማው እስከ መሪው ያልፈተሸው ነገር የለም፤ ከመሪው በላይ ግን ቀና አላለም።

አምስተኛው ሐሙስ አምስት ሚሊ ሆነ። ያን ጊዜ ሰውየው ሥራ ሁሉ አቆመ። የሞተሩን ፊት አንድ ባንድ ፈታው፣ እያንዳንዱን ብረት በነዳጅ አጠበ፣ ጨርቅ ላይ ደረደረ፣ አየው፣ መልሶ ገጠመው። እንከን አላገኘም። ሁለት ሩብ አዙሮ ሦስት ላይ መለሰው፣ ግን ልቡ አላረፈም። ምሳውን ረሳ፣ ሻዩን ቀዝቅዞ ተወው፣ ብቻውን ማውራት ጀመረ። መርፌ በመስኮቷ በኩል ታየዋለች። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ ይቆማል።

«ጋሼ፣ ተወው በቃ» አለችው አንድ ቀን። «ለኔ ደህና ነው የሚሄደው።»

«ለኔ ደህና አይደለም።»

«አንድ ሚሊ እኮ ነው።»

«አንድ ሚሊ ያልሽው ነገር ዛፍ ላይ ይለጥፍሻል። አንቺን ከማጣ ይህን ሞተር በመዶሻ ብሰብረው ይሻለኛል» አላት፤ ከፋው። እሷም ወደ ጨርቋ ተመለሰች።

ስድስተኛው ሐሙስ ላይ ሦስት ሚሊ ሆኖ ተገኘ። ልክ ሦስት፤ ምንም ሳይነካው። ሲባጎ ሦስት ጊዜ ለካ። ከዚያ ተነስቶ የሞተሩን አፍንጫ እንደ ልጅ ጉንጭ መታ መታ አደረገው። አሞርዛተሮቹ ተላመዱ አለ፤ ጋዙ ቦታውን ያዘ አለ። መርፌን ከሄልሜቷ በላይ ሳማት። በሰባተኛው ሐሙስ፣ ከመጨረሻው ውድድር በፊት ባለው፣ አሁንም ሦስት። ያን ቀን በያጁን ምሳ ጋበዘው፤ ሲባጎ ሰው ሲጋብዝ የታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ተብሎ ተሳቀ።

የመጨረሻው ውድድር መንገድ ላይ «በሩ» የሚባል ቦታ አለ። ሁለት አሮጌ ዛፎች ናቸው፣ ሥሮቻቸው መሬት ላይ ተጋድመው፤ በመሃላቸው አንድ ሞተር ብቻ ያልፋል። መርፌ ሁለት ዓመት ሁለተኛ የወጣችው እዚያ ላይ ሌሎቹ ሳይፈሩ እሷ ፈርታ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ባለው ሜዳ ስለሚያመልጧት ነው። ዘንድሮ ግን ወደ በሩ የደረሰችው ከሁሉም ቀድማ ነበር። ሲባጎ ከዛፎቹ አጠገብ ቆሟል። የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ ለየው። ብቅ ስትል ዓይኑ እንደ ልማዱ የፊት ጎማዎቹ ላይ ተተከለ፤ ጎማዎቹ ሥሮቹ ላይ ሲወጡ ተቅበጠበጡ። ሦስት ሚሊ የሆነ ጎማ እንዲህ አይቅበጠበጥም። ይህን አስቦ ሳይጨርስ ግራው ጎማ የዛፉን ቅርፊት ላጠው፣ መሪው ከእጇ ተነጠቀ፣ እሷ ወደ ጎን ተወርውራ ወደቀች። ሞተሩ ባዶውን በበሩ አልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆመ። ጭረት እንኳ አልነካውም።

እየሮጠ ሲሄድ መጀመሪያ ዞሮ ያየው ጎማውን ነው። አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ግን አየ። ለዚህ ራሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላለም።

ከዚያ አጠገቧ ተንበረከከ። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል፣ አእምሮዋን አልሳተችም። ሰው እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በሁለት እጁ አቀፋትና ተነሳ። ሲነሳ ደነገጠ። በስምንት ዓመቷ ከእናታቸው ቤት ሲያወጣት እንኳ ጀርባው ላይ ከብዳው ነበር፣ እሱ ወጣት ሆኖ። አሁን በአርባ አራት ዓመቱ ቀለለችው።

ሆስፒታል አጥንቷን አሰሩላት። ሐኪሟ ግን አልለቀቀቻቸውም። ሆዷን ነካካች፣ ሌላ ሐኪም ጠራች፣ ፎቶ አስነሳቻት። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለቱንም ወደ ትንሽ ክፍል አስገባቻቸው። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰዓት። ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«መክሳት የጀመርሽው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ብዙም አልከሳሁም» አለች መርፌ። «እንጃ፣ አላስተዋልኩም።»

ሐኪሟ ወደ ሲባጎ ዞረች። «እርስዎስ አላዩም?»

አላየሁም ሊል አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ግድግዳው ፊቱ ላይ ድቅን አለ፤ የሐኪሟ ሳይሆን የራሱ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው። ሦስት፣ ሦስት፣ አራት፣ አራት፣ አምስት። ሞላ አይወጣም። ክብደት ሲቀንስ አፍንጫው ይከፈታል። ይህን ሕግ ለስንት ሞተረኛ ጣቱን እየቀሰረ አስተምሯል።

«የዛሬ አራት ወር ነው የጀመረው» አለ። «በሦስተኛው ሐሙስ። በየወሩ አንድ፣ አንድ ኪሎ ተኩል እየቀነሰች ሄደች። በአምስተኛው ሐሙስ ባሰ።»

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። «እንዲህ በትክክል እንዴት ሊያውቁ ቻሉ?»

«ግድግዳዬ ላይ ጽፌዋለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሟ የተናገረችው ነገር ብዙ ነበር። ሆዷ ውስጥ የበቀለው ዕጢ ጉበቷ ድረስ ዘልቋል። ሊወጣ አይችልም። ስቃዩን ማስታገስ ይቻላል። ሲባጎ ከዚያ ሁሉ የያዘው አንዷን ነው፦ አራት ወር ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ። ሐኪሟ ልትጎዳው ብላ አልነበረም፤ ሰው ሲያዝን የሚለው ነው። ግን እሱ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ጠጠር ጫማው ውስጥ ይዞት ወጣ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መርፌ ናት ያጽናናችው። አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ እሱ ከእግሯ ሥር።

«ስድስተኛው ሐሙስ» አላት። «እንዴት ሦስት ሊሆን ቻለ?»

መለስ ብላ አላየችውም። «የውድድር ጃኬቴን አምጣው።»

ከምስማሩ አውርዶ አመጣው። ከበደው። ውስጥ ኪሱ ውስጥ ሦስት ጠፍጣፋ ብረቶች ነበሩ፤ ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ ሲቆርጡ እንዳይንሸራተት የሚጭኑበት፣ እያንዳንዱ አንድ ኪሎ።

«ፋርማሲው ሚዛን ላይ እየወጣሁ ከአምስተኛው ሐሙስ ወዲህ የጎደለኝን ያህል ኪሴ ውስጥ አስገባ ነበር» አለችው። «መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሦስት። ለውድድሩ ግን አውጥቼ ሄድኩ፣ ትከሻዬ አልቻለውም። ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ምንም አልሆነም ነበር። አንተ እንደዚያ ስትጨነቅ ማየት አስጠላኝ።»

«እያመመሽ?»

«ጨጓራ ነው ብዬ ነው። ውድድሩ ይለቅ፣ ከዚያ እታከማለሁ አልኩ። ብነግርህ ታስቀረኝ ነበር።»

አዎ፣ ያስቀራት ነበር። እጅ ከወርች አስሮም ቢሆን። እሱ እሷን ከዛፍ ሊያድን ቁጥሩን አስተካከለ፤ እሷ እሱን ከጭንቀት ልታድን ቁጥሩን ደበቀች። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ተባብረው ሞትን በር ከፈቱለት። ሲባጎ ብረቶቹን ጭኑ ላይ እንደያዘ ከንፈሩን ነክሶ ቆየ፣ አልሆነለትም፤ አለቀሰ። እሷም በደህና እጇ ጭንቅላቱን ዳሰሰችው። ለሃያ ሦስት ዓመት እንዲያ የሚያደርገው እሱ ነበር ለሷ።

ሁለት ወር ያህል ኖረች። በያጁ በየቀኑ እየመጣ ከሥሯ ይቀመጥና ይቀልዳል፤ ወጥቶ ግቢ ውስጥ በጓንቱ ዓይኑን ያብሳል። የጀመረችውን የሙሽራ ልብስ አልጋዋ ላይ ሆና ጨረሰችው፤ የመጨረሻዎቹን ቁልፎች ሲባጎ ራሱ፣ እሷ እየነገረችው ተከላቸው፣ ሦስቱን አጣሞ። ሙሽራዋ ስትወስደው አላየችውም፣ ወይም አይታ ዝም አለች።

አንድ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ «አስቀምጠኝ» አለችው።

«የት?»

«የት ይመስልሃል? ቀኑ ሐሙስ አይደል?»

አቅፎ አወጣት። ጃኬቷን አለበሳት፣ ቦት ጫማዋን አደረገላት፣ ሄልሜቷ ግን ለአንገቷ ከበዳት፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። መሪውን ያዘች፣ የቀን መቁጠሪያውን አየች። በያጁ ከጀርባዋ ሆኖ ሳያስታውቅባት ደገፋት፣ ቀልድ አልመጣለትም። ሲባጎ ሲባጎውን ወጠረ።

«አትተንፍሺ» አላት።

«ለስንት ሰዓት?»

ለካ። ማስመሪያው ላይ ያየውን እንደገና አየ። ሰባት ሚሊ።

«ስንት ነው?» አለችው።

«ሦስት።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ሚሊ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው። እሷ ግን ከላይ ሆና ሳቀች፤ ደካማ ሳቅ፣ ግን የድሮዋ። «ጋሼ፣ አንተ ውሸት አትችልበትም፣ ጆሮህ ይቀላል። እውነተኛውን ጻፍ። ግድግዳው ላይ ውሸት አይጻፍ።»

ሄዶ ጻፈ። ሰባት። ከጎኑ ስንት ሩብ እንደዞረ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተወው። ሁለት ሐሙስ ቆይታ ሞተች፣ በማለዳ፣ እሱ ውሃ ሊያቀርብላት ወጣ ባለበት።

ሰው መጣ፣ ተለቀሰ፣ ሰው ሄደ። ሲባጎ ጋራዡን ዘግቶ ሰነበተ። ሞተረኞቹ በሩን አንኳኩተው ይመለሳሉ። በኋላ አንድ ቀን ጠዋት በያጁ የመፍቻ ድምፅ ሰምቶ ገባ። ሲባጎ ከመርፌ ሞተር ፊት ተንበርክኳል፤ ዓይኑ አንዴ ግድግዳው ላይ፣ አንዴ ዘንጉ ላይ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ወደነበረበት ልመልሰው።»

ከታች ወደ ላይ እያነበበ ይፈታ ነበር። ከአምስተኛው ሐሙስ ሁለት ሩብ፣ ከአራተኛው አንድ ሩብ፣ ከሦስተኛው አንድ ሩብ። በድምሩ አንድ ሙሉ ዙር። ያን ሁሉ ወራት ያጠፋው ያ ነበር፤ አንዲት ዙር። ሞተሩን እህቱ ጤነኛ በነበረችበት ቀን ላይ አቆመው። ከዚያ ሲባጎውን ወጥሮ ማስመሪያውን አወጣ፤ እጁ እዚያው ቀረ። መቀመጫው ባዶ ነው።

«እኔ ልውጣልህ?» አለ በያጁ ቀስ ብሎ።

«ሠላሳ ሁለት ኪሎ ትበልጣታለህ።»

ሁለቱም ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት። በያጁ ሄዶ ሁለት ከረጢት አሸዋ አመጣ፤ በብረት ሚዛኑ ላይ አድርጎ ሠላሳ ሠላሳ ኪሎ ሰፈራቸው። አንዱን ከወንበሩ ፊት፣ አንዱን ከኋላ አስቀመጡ፣ እሷ ትቀመጥበት እንደነበረው። ስልሳ ሆነ። ሦስት ኪሎ ጎደለ። በያጁ አካፋውን ሊያነሳ ዞር ሲል ሲባጎ ያዝ አደረገውና ወደ ኋላ ክፍል ገባ። ሲመለስ ሦስቱን የጨርቅ መጫኛ ብረቶች ይዟል። አንድ ባንድ ከረጢቶቹ ላይ ደረደራቸው።

ተንበረከከ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ለካ።

ሦስት ሚሊ። ከሦስት ያልጎደለ፣ ከሦስት ያላለፈ። ሞላው አላረጀም፣ ጋዙ አልበዛም፣ ሻጩ አላታለለም፣ ዘንጉ አልላላም። ሞተሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ነገር አልጎደለውም ነበር። የጎደለው ወንበሩ ላይ ነበር፤ በየሐሙሱም ተጽፎ ተሰጥቶታል።

ማስመሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በያጁ ሰውየውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋለት፤ ሲባጎ አልያዘውም፣ ግንባሩን ጎማው ላይ አድርጎ እዚያው ቀረ።

ጋራዡ ዛሬ ይሠራል። ሲባጎ አሁን ሰውን በየሐሙሱ ይመዝናል፤ ኪሎ የቀነሰ ሞተረኛ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ካልመጣ መፍቻ አያነሳለትም። አንዱ ለእጮኛው ብሎ ሆዱን ያጠፋ ወፍራም ሰውዬ እንኳ ወረቀት አምጣ ተብሎ ተመልሷል። ይሳቅበታል፣ እሱም ይተዋቸዋል። ከበሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ቀለም አላስነካውም። የመርፌ ሞተር ጥግ ላይ ቆሟል፣ ሲባጎው እንደተወጠረ፣ አሸዋውና ብረቶቹ እንደተጫኑ። ሞተሩን ሽጥልን ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ይመጣሉ። «ሰው አለበት» ይላቸዋል።